ጌም ከማሽኑ እንዴት ተላቀቀ? ከፍላሽ የሚነሳው የድሮ ጌም ታሪክ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ።)

ሱፐር ማሪዮን የማያውቅ እጁን ያውጣ። ያ ስንት የክረምት ከሰዓት የበላ፣ ስንት ወንድማማች ያጣላ ጌም ሙሉ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነው። ዜማው፣ ደመናው፣ ቱቦው፣ ኤሊው፣ ስምንቱም ዓለም ከነልዕልቷ። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ ሁለት ሦስት ሜጋባይት ትሆናለች። በአንዷ ሰልፊ ቦታ ሃምሳ ማሪዮ ይገባል ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፍላሽ ሰክቼ የድሮ ጌም ስጫወት የሚያሳይ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ስለተሞላ ነው፦ «ምንድነው እሱ? ዊንዶውሱ ላይ ነው የጫንከው?» አይደለም። ዊንዶውሱ ተኝቷል። ኮምፒውተሩ የሚነሳው ከራሱ ሀርድ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሹ ነው፤ ስክሪኑ ላይም የኮንሶሎች ዝርዝር ይመጣል፦ ኒንቴንዶ፣ ሴጋ፣ አታሪ፣ ፕሌይስቴሽን። አጥፍታችሁ፣ ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስታበሩት ምንም እንዳልተነካ የቢሮ ላፕቶፕ ሆኖ ቁጭ ይላል። «እንዴት ይሰራል» ለሚለው በሦስት መስመር መመለስ ይቻል ነበር። ግን ነገሩ በደንብ የሚገባው ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ነው።

መጀመሪያ ጌምና ማሽን አንድ ነበሩ። በ1972 የወጣው የአታሪው ፖንግ፣ ያ በሁለት ሰረዝ ኳስ የሚያቀባብለው፣ ጭራሽ ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበረውም። ፕሮሰሰርም የለውም። ጌሙ ራሱ ሽቦውና ቺፖቹ የተያያዙበት መንገድ ነው። ስለዚህ ፖንግን «ኮፒ አርግልኝ» ማለት ጠረጴዛን ኮፒ አርግልኝ እንደማለት ነው፤ ያለህ ምርጫ ሌላ መስራት ብቻ ነው።

ኒንቴንዶ በጁላይ 1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮምን ሲያወጣ ነገሩ ተለውጧል። ጌሙ ካሴቱ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ሆኗል፤ ማሽኑ ደግሞ 1.79 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ራም ያለው አንባቢ። ሁለቱ ግን አሁንም ተጋብተው ነው የሚኖሩት። እንዲያውም ኒንቴንዶ ማሽኑን ከ1985 ጀምሮ አሜሪካ ሲሸጥ ውስጡ የቁልፍ ቺፕ ጨመረበት። ካሴቱ ውስጥ ያለችው ቺፕ ከማሽኑ ቺፕ ጋር ካልተግባባች ማሽኑ ደጋግሞ ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ያለ ኒንቴንዶ ፈቃድ የተሰራ ካሴት እንዳይገባ ነው።

ቁልፉን የሰበረው ገበያው ነው። ታይዋንና ቻይና ውስጥ የፋሚኮም ግልባጭ በገፍ መመረት ጀመረ፤ ራሺያ ዴንዲ፣ ፖላንድ ፔጋሰስ እያለ ተቀበለው። እኛ ሰፈር «ቲቪ ጌም» ነበር። ካሴቱ ላይ «9999 ጌም በ1» ይላል፤ ከፍታችሁ ስታዩት ሰላሳ የማትሞላ ጌም ስም እየቀያየረች ትዞራለች። (200ኛው ላይ አዲስ ነገር ይመጣል ብላችሁ ወደታች ስትወርዱ የዋላችሁ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) እነዚያን ርካሽ ማሽኖች የፈታ ሰው ግን አንድ አስገራሚ ነገር ያያል። ውስጣቸው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አንዲት ትንሽ ሰሌዳና መሃሏ ላይ እንደ ሬንጅ የፈሰሰባት ጥቁር ጠብታ። ያ ጠብታ ስር ያለችው አንዲት ቺፕ ሙሉ ፋሚኮም ናት። በ1983 ትልቅ ሰሌዳ የሞላው ማሽን ወደ አንድ ጥፍር ተጠቅልሏል። ቀጣዩ ደረጃ ቺፗንም ማስቀረት ነበር።

እሱ ነው ኢሙሌተር የሚባለው። ኢሙሌተር አስተርጓሚ ነው በሉት። ማሪዮ የሚናገረው 6502 የሚባለውን የፕሮሰሰር ቤተሰብ ቋንቋ ነው፤ የእናንተ ላፕቶፕ ደግሞ የኢንቴልን። አስተርጓሚው መሃል ተቀምጦ እያንዳንዷን ትእዛዝ ይመልሳል። ከባዱ ነገር ግን ቃሉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የድሮ ጌም ሰሪዎች ቴሌቪዥኑ ስዕሉን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች እየሳለ እያለ፣ ገና ሳይጨርስ፣ መሃል ገብተው ቅንብሩን ይቀይሩ ነበር። ማሪዮ ላይ ከላይ ያለው የነጥብ ሰሌዳ ቆሞ ከስሩ ያለው መንገድ የሚሄደው በዚህ ዘዴ ነው። አስተርጓሚው በሰከንድ ሽራፊ ከተሳሳተ ሰሌዳው አብሮ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ ኢሙሌተር የሚጽፍ ሰው ፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን የቴሌቪዥኑን ጨረር ጭምር ማስመሰል አለበት።

1996 እና 1997 ላይ ይህ ነገር ፈነዳ። አይኔስ የተባለው ፕሮግራም የፋሚኮም ካሴት በፋይል መልክ የሚቀመጥበትን አሠራር አመጣ፤ ዛሬም የምታገኙት የኔስ ፋይል መጀመሪያው ላይ ያችኑ ምልክት ይዟል። ኔስቲክል ተከተለ፤ በዚያን ጊዜ ተራ ኮምፒውተር ላይ በሙሉ ፍጥነት ያጫውት ነበር። በፌብሯሪ 1997 ደግሞ ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ ማሜን አወጣ፤ ሳንቲም ተጨምሮባቸው የሚሰሩትን የመዝናኛ ቤት ትልልቅ ማሽኖች በሙሉ በአንድ ፕሮግራም ስር የማሰባሰብ ሥራ ነው። የማሜ ሰዎች አቋም ሁሌም ይገርመኛል። ዓላማችን ማሽኖቹ እንዴት ይሰሩ እንደነበር መዝግቦ ማቆየት ነው፤ ጌሙ መጫወቱ መዝገባችን ትክክል መሆኑን ማረጋገጫ ነው ይላሉ። መጫወት የጎንዮሽ ጥቅም!

ይህ አባባል ቀልድ የሚመስለው የካፕኮምን ባትሪ ታሪክ እስኪሰሙ ነው። ካፕኮም ከ1993 ጀምሮ ያወጣው ሲፒኤስ-2 የሚባል ሰሌዳ አለ፤ ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 እና ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም የመጡት በእሱ ነው። እንዳይገለበጥ ተብሎ ፕሮግራሙ በሚስጥር ኮድ ተቆልፏል፤ መክፈቻው ደግሞ ባትሪ በሚያቆየው ሜሞሪ ላይ ተቀምጧል። ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል። ቁልፉ ሲጠፋ ማሽኑ ባዶ ስክሪን ያሳያል፤ ብር ከፍሎ የገዛው ሰው ግዑዝ ሳጥን ታቅፎ ይቀራል። ሰብሳቢዎቹ «ራስን የማጥፊያ ባትሪ» ነበር የሚሉት። ዓለም ላይ ያለው እያንዳንዱ ሰሌዳ የሞት ቀኑን ውስጡ ይዞ ነበር የሚሸጠው። ይህን ሰንሰለት የበጠሱት በትርፍ ሰዓታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። በ2001 የመጀመሪያዎቹን ጌሞች መክፈት ተቻለ፤ በ2007 ራሱ ሳልሞሪያ ከአንድ ባልደረባው ጋር የኮዱን ሙሉ አሠራር ፈታው። ዛሬ እነዚያ ጌሞች ሞተው ያልቀሩት ባለቤቱ ስላዳናቸው አይደለም።

በሕግ በኩልም ጦርነት ነበር። በ1999 መጀመሪያ ኮነክቲክስ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት የፕሌይስቴሽን ዲስክ ማኪንቶሽ ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም አወጣ። ፕሌይስቴሽን ያኔ ገበያ ላይ ያለ ትኩስ ማሽን ነው እንጂ የድሮ አይደለም፤ ሶኒ ወዲያው ከሰሰ። ክርክሩ ይህ ነበር፦ ኮነክቲክስ የማሽኑን አሠራር ለመረዳት የሶኒን ባዮስ ደጋግሞ ገልብጦ መርምሯል፤ የሸጠው ፕሮግራም ውስጥ ግን የሶኒ ኮድ የለም። በፌብሯሪ 2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለመረዳት ሲባል የተደረገው ግልበጣ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ብሎ ለኮነክቲክስ ፈረደ። ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው የሚያስቀው፤ ሶኒ በ2001 ፕሮግራሙን ራሱን ገዝቶ ዘጋው። ብሊም የተባለው ሌላው ተከሳሽ ድርጅትም ችሎት ላይ ቢቀናውም የጠበቃ ወጪው ጨርሶት በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሁለቱም አሸንፈው ጠፉ። ዛሬ ኢሙሌተር ሰሪዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱት ግን በዚያ ፍርድ ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ጌሙ ነው። ጌሙ ከማሽኑ ወጥቶ ፋይል ሆኗል። የት ይኑር?

ፍላሽ የምንለውን ነገር የፈለሰፈው ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለ የቶሺባ መሐንዲስ ነው፤ ሥራውን ለዓለም ያቀረበው በ1984። ስሙ የወጣው ደግሞ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ሜሞሪው በአንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ የካሜራ ፍላሽ አስታወሰው። እኛ «ፍላሽህን አውሰኝ» ስንል ያቺን ብልጭታ ነው የምንጠራው። ማሱኦካ ግን ከፈጠራው ብዙም አልተጠቀመም። ቶሺባን ከስሶ በ2006 በስምምነት ያገኘው 87 ሚሊዮን የን ነው፤ የዓለም ስልክ በሙሉ በእሱ ፈጠራ ላይ እየሰራ። ለእኔ ይህ ከብሊም ታሪክ የባሰ ያናድዳል።

ዩኤስቢ በጃንዋሪ 1996 መጣ። ሁለቱ የተገናኙት በ2000 ነው። የሲንጋፖሩ ትሬክ እና የእስራኤሉ ኤም-ሲስተምስ በዚያው ዓመት ገበያ ላይ አወጡት፤ ማን ቀደመ የሚለው እስከ ፍርድ ቤት አድርሷቸዋል። በአይቢኤም ስም የተሸጠው የኤም-ሲስተምስ ፍላሽ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ነበር። እንዳትስቁ፤ ከአምስት ፍሎፒ በላይ ነው። በማሪዮ ስንለካው ደግሞ 200 ማሪዮ። ያ ሁሉ «9999 ጌም በ1» ካሴት የዋሸው ነገር፣ ያውም በማይዋሽ ቁጥር፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ቁልፍ መያዣ ላይ ሊንጠለጠል ይችል ነበር።

የጎደለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። እዚህ ላይ ክላውስ ክኖፐር የሚባል ጀርመናዊ ይገባል። በዚያው በ2000 ክኖፒክስን አወጣ፤ ሙሉ ሊኑክስ ከሲዲ ላይ የሚነሳ፣ ሀርድ ዲስኩን የማይነካ። በ700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ወደ 2 ጊጋባይት የሚጠጋ ነገር ጨምቆ አስገብቶ፣ ሲያስፈልግ ብቻ እየፈታ ያነባል። ኮምፒውተር ጥገና የሰራ ሰው ያስታውሰዋል፤ ቫይረስ የጨረሰው ዊንዶውስ ውስጥ የቀረ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወጣው በእሱ ነበር። ግን ሲዲ አይጻፍበትም። ለጌም ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ሴቭ የማይደረግ ጌም ማለት ሁሌ ከአንደኛ ክፍል መጀመር ነው። ፍላሹ ሲረክስና ሲሰፋ፣ የክኖፒክስ ዘዴ ወደሚጻፍበት ነገር ተሻገረ። አሁን ሦስቱም ተገናኙ፦ ፋይል የሆነው ጌም፣ ኪስ የሚገባው ሜሞሪ፣ ማሽን የማይመርጠው ሊኑክስ።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ሬትሮአርች የየኮንሶሉን ኢሙሌተር በአንድ ጣራ ስር አስገባ። በፌብሯሪ 2012 ራስበሪ ፓይ የምትባል በ35 ዶላር የምትሸጥ የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር ወጣች፤ በዚያው ዓመት ሬትሮፓይ ተሰራላት። ፈረንሳዮቹ ሬካልቦክስን አመጡ፤ በ2016 ከእሱ ተገንጥሎ ባቶሴራ ወጣ። (ባቶሴራ የጥንዚዛ ዘር ስም ነው።) እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፤ እንደ እኔ አሮጌ ላፕቶፕ ለተከማቸበት ሰው ከሁሉም የሚመቸው እሱ ስለሆነ።

ውስጡን ላሳያችሁ። ፍላሹ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ የተጨመቀ ፋይል አለ፤ ሙሉ ሲስተሙ እሱ ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ሲስተሙ ላይ የምታደርጉት ለውጥ ራም ላይ ተነጥፎ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ልጅ ገብቶ ቢያበላሸው መልሳችሁ ስታበሩት እንደነበረ ነው። የክኖፐር ዘዴ መሆኑን ልብ በሉ። ሁለተኛው ክፍል የእናንተ ነው፤ ጌሞቹ፣ የየኮንሶሉ ባዮስ፣ ሴቮቹ እዚያ ይቀመጣሉ። ይህ ክፍል መጀመሪያ ስታስነሱት ራሱ ተለጥጦ የፍላሹን ቀሪ ቦታ ይሞላል። ጆይስቲኩ አያስቸግርም፤ የኤክስቦክሱም የፕሌይስቴሽኑም ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው።

አጫጫኑ፦ የባቶሴራን ኢሜጅ ታወርዳላችሁ፣ ኤቸር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጽፉታላችሁ (ፍላሹ ላይ የነበረው በሙሉ ይጠፋል፣ የሠርግ ፎቶ ያለበትን እንዳታመጡ)፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቡት ሜኑውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ እንደየብራንዱ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ይሆናል። እምቢ ካለ ባዮሱ ውስጥ ሴኪዩር ቡት የሚለውን አጥፉት። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ የፋሚኮምን፣ የሴጋን፣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ያለ ችግር ይሸከማል። ፕሌይስቴሽን 2 ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሮጌው ላይ አትልፉ።

አንድ ነገር ግን ለእኛ ሀገር ሰው ለብቻው ልበል። ሲስተሙ እንደመጣ ባለበት ቅንብር፣ የጌሙ ሴቭ ወደ ፍላሹ የሚጻፈው ከጌሙ ስትወጡ ነው። ጌሙ ውስጥ «ሴቭ» ብላችሁ፣ «ተቀምጧል» ብሏችሁ፣ ገና ሳትወጡ መብራት ቢሄድ የለም። ዴስክቶፕ ላይ የምትጫወቱ በየጊዜው ራሱ እንዲያስቀምጥ ቅንብሩን ቀይሩ። ባትሪው ከሞላ ጎደል የሚሰራ ላፕቶፕ ካላችሁ እሱ ይሻላል። ጨርሳችሁም ከሜኑው ዝጉት እንጂ ፍላሹን መንጨቅ የለም።

ወደሚያከራክረው ልምጣ። ባቶሴራ ባዶውን ነው የሚመጣው። የኒንቴንዶም የሶኒም ጌም ውስጡ የለም፣ የሶኒ ባዮስም የለም፤ ሰሪዎቹ ሆን ብለው ነው። ፍርድ ቤት የፈቀደው አስተርጓሚውን ነው፤ መጽሐፉ የባለቤቱ ነው። ኒንቴንዶ በ2024 የስዊች ኢሙሌተር የሆነውን ዩዙን ከስሶ 2.4 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎ ፕሮጀክቱን አዘግቷል፤ ገበያ ላይ ያለ ማሽን ስለሆነ ንዴቱ ይገባኛል። የድሮዎቹ ላይ ግን አይገባኝም። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከታተሙት ክላሲክ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ አይገኙም። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኒንቴንዶ የ3ዲኤስንና የዊ ዩን የኢንተርኔት ሱቆች ዘጋ። ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ ከርቀት ያሳዩ ቢባል የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በኦክቶበር 2024 አይሆንም አለ። አይሸጡትም፣ አያሳዩትም፣ ሌላው ሲያስቀምጠው ይቆጣሉ። የካፕኮም ባትሪ ባይኖር ኖሮ «ባለቤቶቹ ያስቀምጡት የለ እንዴ» ብዬ አልፍ ነበር።

ደግሞ ፍላሹም ዘላለማዊ አይደለም። ዳታውን የያዘው የታሰረ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሾልካል፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ፍላሽ የሚረሳውም ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት የሚገድላችሁ ግን አስመሳዩ ነው። ላዩ ላይ «1 ቴራባይት» ተጽፎ በአንድ የምሳ ዋጋ የሚሸጠው ውስጡ ምናልባት 8 ጊጋ ነው፤ የሞላ መስሎ ከላይ ያለውን እየደረበ ያጠፋል። ሳትጭኑ በፊት ኤፍ3 ወይም ኤች2ቴስት በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሞልታችሁ ፈትኑት፤ ለትልቁ ፍላሽ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ ይፍጅ። ጌሞቹን ኮፒ ማድረግ ቢሰለቻችሁ እንኳ «ሴቭስ» የምትለዋን ፎልደር በየወሩ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። የፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ ሙሉው 128 ኪሎባይት ነው፤ አሥር ዓመት የተጫወታችሁት ሁሉ ተደምሮ ለቴሌግራም ራሳችሁ ጋ መላክ ትችላላችሁ።

ቡት አልል ያለው ካለ የላፕቶፑን ሞዴል ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ።